የቻይናው ዶሮ በወሎ ማዕድ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሰው ዶሮ መዝለያን ሳያልፍ አይደርስም፡፡ ያንን ጠመዝማዛ ቁልቁለት በወረድኩ ቁጥር በቦታው ስም ፈገግ እላለሁ፡፡ ዶሮ በእኛ አገር የፈለገችውን ያህል ብትዘል መጨረሻዋ ድስት ነውና፡፡ እኔ ግን አንድ ቀን ሁለት ዶሮዎችን ከድስት አስመልጬ፣ ማር ቀብቼ፣ በእሳት ላይ እንደ ቻይና ልጠብሳቸው ተነሳሁ፡፡ ዶሮዎቹ ከድስቱ አመለጡ፡፡ እኔ ከሐፍረት አላመለጥኩም፡፡

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ ኮምቦልቻ ውስጥ በሥራ ምክንያት የተዋወቅኩት አንድ ቻይናዊ መሐንዲስ ደጋግሞ ጋብዞኛል፡፡ ብድር መመለስ ነበረብኝ፡፡ ደሴ በሚገኘው ቤቴ እርሱን ስጠራ አብሮ አደጌን ከነባለቤቱ ጠራሁ፡፡ አብሮ አደጌ ሙስሊም ነው፤ ከ40 ዓመት በላይ ዒድና ፋሲካ ስንጠራራ ኖረናል፡፡ ዶሮው በልኩ ቀልቷል፣ ያብረቀርቃል፣ ይሸታል፡፡ ቻይናዊው ጨርሶ ደገመ፡፡ አብሮ አደጌና ባለቤቱ ግን ሩዙንና ሰላጣውን ብቻ በልተው፣ ‹‹ጠግበናል፣ አብሽር!›› ብለው ተነሱ፡፡ የወሎ ሰው እንግድነት ሲሄድ ይህን ያህል ቶሎ አይጠግብም፡፡ የሆነ ነገር እንደተበላሸ ገባኝ፡፡ ምን እንደሆነ የገባኝ ግን ዘግይቶ ነው፡፡

ይህ ጽሑፍ የዚያን ምግብ አሠራር ከእነ ምክንያቱ የሚያስረዳ ነው፡፡ መጠኑን፣ እሳቱን፣ ቅመሙን እንዘረዝራለን፡፡ ከሁሉ በላይ ግን አንድ ማዕድ ለሁሉም እንግዳ እንዲሆን ምን ማድረግ እንደሚያስፈልግ፣ እኔ በስህተት የተማርኩትን እናንተ ሳትሳሳቱ እንድታውቁት ነው፡፡

ምግቡ ምንድነው?

የምግቡ ስም ቻር ሲዩ ይባላል፡፡ በደቡብ ቻይና የጓንግዶንግ ግዛት ሰዎች በሚናገሩት የካንቶን ቋንቋ ‹‹በሹካ የተጠበሰ›› እንደማለት ነው፡፡ ጥንት ሥጋው በረጅሙ ተተልትሎ በረጅም ሹካ ላይ እየተሰካ በእሳት ላይ ይጠበስ ስለነበር ነው ስሙ የመጣው፡፡ ሆንግ ኮንግን ያየ ሰው በምግብ ቤቶች መስኮት ላይ ቀላ ብሎ፣ እያብረቀረቀ የተንጠለጠለውን ሥጋ ያስታውሰዋል፡፡

ዋናው ምግብ የሚሠራው ከአሳማ ሥጋ ነው፡፡ ስለዚህ ለወሎ ክርስቲያንም ሆነ ሙስሊም ከመነሻው አይሆንም፡፡ በዶሮ መሥራት ግን እኛ የፈጠርነው ብልሃት አይደለም፡፡ ቻይናውያንና ሙስሊሞች አብረው በሚኖሩባት ማሌዥያ የዶሮው ዓይነት የታወቀ ነው፡፡ በቻይና ራሷ ሁዊ የሚባሉ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሙስሊሞች አሉ፤ ምግብ ቤቶቻቸውም ‹‹ቺንግ ዠን›› የሚል ምልክት በራቸው ላይ ይለጥፋሉ፡፡ ለእኛ ‹‹የሙስሊም ምግብ ቤት›› ብለን እንደምንጽፈው ማለት ነው፡፡

የምግቡ መለያ ሦስት ነው፡፡ አንደኛው በአኩሪ አተር መረቅ (ሶይ ሶስ) ተዘፍዝፎ የሚገኘው ጨዋማ ጣዕም ነው፡፡ ሁለተኛው አምስት ቅመም የሚባለው ድብልቅ ሽታ ነው፡፡ ሦስተኛው ላዩ ላይ የሚቀባው ጣፋጭ ቅብ ነው፡፡ ለቅቡ የካንቶን ባለሙያዎች የሚመርጡት ከበቀለ እህል የሚወጣ ወፍራም ስኳር ነው፡፡ ብቅል ለእናቶቻችን እንግዳ አይደለም፤ ልዩነቱ እኛ ለጠላ ስናውለው እነርሱ ከብቅሉ ጣፋጩን ማውጣታቸው ነው፡፡ ማር እርሱን በሚገባ ይተካል፡፡ ቀይ ቀለሙ ደግሞ በጥንቱ አሠራር ከቀይ እርሾ ሩዝ ወይም ከቀይ የኮመጠጠ የአኩሪ አተር አይብ ይመጣ ነበር፡፡ ዛሬ አብዛኛው ነጋዴ የምግብ ቀለም ነው የሚጨምረው፡፡

እንግዳዬን አሠራሩን እንዲያስተምረኝ ብጠይቀው፣ ‹‹እኔ የሰሜን ሰው ነኝ፤ ይህ የደቡብ ምግብ ነው›› ብሎ ሳቀብኝ፡፡ ቻይናዊ ስለሆነ ብቻ ያውቃል ማለቴ አንድ የወሎ ሰው ክትፎ አሠራር እንዲያስተምር እንደመጠየቅ ነበር፡፡

ቻይና በወሎ መንገድ ላይ

ቻይናዊ በወሎ ማዕድ መቀመጡ ትናንት የተጀመረ አይደለም፡፡ ኢትዮጵያና ቻይና ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነት የመሠረቱት በኅዳር 1963 ዓ.ም. ነው፡፡ ከዚያ በኋላ ከመጡት ትልልቅ ሥራዎች አንዱ ወሎን ከጎንደር ያገናኘው የወልዲያ - ወረታ መንገድ ነው፤ በቻይና ዕርዳታ ስለተሠራ ‹‹የቻይና መንገድ›› ሲባል ኖሯል፡፡ በእኛ ዘመን ደግሞ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀውን የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የገነባው የቻይና ኩባንያ ነው፡፡ ሠራተኞቹ ሲመጡ ሶይ ሶሱም፣ የሩዝ ኮምጣጤውም አብሮ መጣ፡፡ መንገድ ምግብን ይዞ ይሄዳል፡፡

የትኛው ዶሮ?

ከመጀመሪያ ስህተቶቼ አንዱ እዚህ ላይ ነው፡፡ ለክብር ብዬ ትልቅ የሐበሻ አውራ ዶሮ ገዛሁ፡፡ ለዶሮ ወጥ ከእርሱ የሚስተካከል የለም፡፡ ሮጦ ያደገ ስለሆነ ሥጋው ጠንካራ፣ ጣዕሙ ጥልቅ ነው፤ ረጅም ጊዜ በቁሌት ውስጥ ሲንተከተክ ነው የሚለሰልሰው፡፡ በማር የሚቀባ ጥብስ ግን ሰዓታት አይጠብቅም፡፡ ሥጋው እስኪለሰልስ ብትጠብቁ ማሩ ከሰል ይሆናል፡፡ ማሩን ብታድኑ ሥጋው ጎማ ሆኖ ይቀራል፡፡

ስለዚህ ለዚህ ምግብ የሚመቸው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ዕድሜው የሚታረደው፣ በተለምዶ ‹‹የፈረንጅ ዶሮ›› የምንለው የሥጋ ዶሮ ነው፡፡ ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው የፈረንጅ ዶሮ ብርቅ አይደለም፡፡ የኮምቦልቻ የዶሮ ማባዣ ማዕከል እንደ ሮድ አይላንድ ሬድ ያሉ የውጭ ዝርያዎችን ለአካባቢው አርሶ አደር ሲያከፋፍል ቆይቷል፡፡ ነገር ግን እነዚህ በዋናነት ለዕንቁላል የሚፈለጉ ናቸው፡፡ ዕንቁላል መጣል ያቆመች አሮጌ ዶሮ ‹‹የፈረንጅ ናት›› ተብላ ብትሸጥላችሁ ከሐበሻው አውራ ዶሮ የተሻለች አትሆንም፡፡ ዕድሜዋን ጠይቁ፡፡

ያላችሁ የሐበሻ ዶሮ ብቻ ከሆነም መፍትሔ አለው፡፡ በዝንጅብልና በትንሽ ጨው ውኃ ውስጥ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል፣ ሹካ ያለችግር እስኪገባበት ድረስ በቀስታ ቀቅሉት፡፡ ከዚያ ውኃውን አንጠፍጥፋችሁ፣ አቀዝቅዛችሁ ዘፍዝፉት፤ በመጨረሻም ለቅቡ ያህል ብቻ እሳት አሳዩት፡፡ የተቀቀለበት ውኃ ለሩዙ ይሆናል፡፡

ስለ ብልት አወጣጥ አንድ ነገር ልበል፡፡ ዶሮን በ12 ብልት ማውጣት የባልትና መለኪያችን ነው፡፡ ለዚህ ጥብስ ግን ፈረሰኛውን ፍለጋ መጨነቅ አያስፈልግም፡፡ ስብ ያለው የታፋ ሥጋ ይመረጣል፤ የደረት ሥጋ ቶሎ ይደርቃል፡፡ አጥንቱን አውጥታችሁ ቆዳውን ብትተዉት ቅቡ ቆዳው ላይ ደህና ይይዛል፡፡

አምስቱ ቅመም ከእኛ ገበያ

የቻይናው አምስት ቅመም ኮከብ የሚመስል ፍሬ ያለው ቅመም፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ የእንስላል ዘርና የሲቿን ቁንዶ የሚባለው አፍ የሚያደነዝዝ ፍሬ ድብልቅ ነው፡፡ ከአምስቱ ሦስቱ ከደሴ ቅመም ነጋዴ ዘንድ አሉ፡፡ ኮከቡን ካጣችሁት የእንስላሉን ዘር መጠን ጨምሩ፡፡ የሁለቱም ሽታ በዋናነት ከአንድ ዓይነት ዘይት ስለሚመጣ ይቀራረባል፡፡ የሲቿኑን ቁንዶ በእኛ ቁንዶ በርበሬ መተካት ይቻላል፤ ጣዕሙ አንድ ባይሆንም አያበላሽም፡፡

መጠኑ እንዲህ ነው፡፡ ሁለት የሻይ ማንኪያ የእንስላል ዘር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ቀረፋ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቅርንፉድና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬ፡፡ እንስላሉን፣ ቅርንፉዱንና ቁንዶውን ለአንድ ደቂቃ በደረቅ ምጣድ አምሳችሁ ውቀጡ፤ ቀረፋውን ቀላቅሉበት፡፡ ከዚህ ለአንድ ኪሎ ሥጋ የሚያስፈልገው ግማሽ የሻይ ማንኪያ ብቻ ነው፡፡ ቅርንፉድ ከበዛ ምግቡ የጥርስ ሐኪም ቤት ይሸታል፡፡

በርበሬና ኮረሪማ ለመጨመር እጃችሁ ይበላችኋል፡፡ ተዉት፡፡ በርበሬ ከገባበት ሌላ ጥሩ ምግብ ይሆናል እንጂ ይህ አይሆንም፡፡ ለቀለም ሁለት የሾርባ ማንኪያ የቀይ ሥር ጭማቂ ብትጨምሩ መልካም ነው፤ በእሳት እየደበዘዘ ቢሄድም ከማሩ ጋር ደስ የሚል ቡናማ ቀይ ይሰጣል፡፡

ጠርሙሱን አገላብጡት

በአዲስ አበባ ሱፐርማርኬቶች ‹‹የቻር ሲዩ ሶስ›› ተብሎ የተዘጋጀ ጠርሙስ ይገኛል፡፡ አንዱን ገዝቶ መቀባት ቀላሉ መንገድ ነው፡፡ እኔ ግን ሕግ የተማርኩ ሰው ስለሆንኩ ከፊት ካለው ትልቅ ጽሑፍ ይልቅ በጀርባ ያለውን ትንሽ ጽሑፍ ማንበብ ልማዴ ነው፡፡ እናንተም አንብቡ፡፡

በእነዚህ ጠርሙሶች ውስጥ ለእንግዳችሁ የማይሆን ነገር ሊኖር ይችላል፡፡ አንደኛው የሩዝ ወይን ነው፤ በብዙ የቻይና አሠራሮች ይገባል፡፡ በተፈጥሮ መንገድ የተብላላ ሶይ ሶስ ራሱ ከመብላላቱ የተነሳ ጥቂት አልኮል ይኖረዋል፤ አንዳንዱ አምራችም እንዳይበላሽ ብሎ ይጨምርበታል፡፡ ሁለተኛው የኦይስተር ሶስ ነው፤ ክንፍና ቅርፊት ከሌለው የባሕር እንስሳ የሚሠራ ስለሆነ የኦሪቱን ሕግ የሚጠብቅ ክርስቲያን አይበላውም፡፡ ሦስተኛው አለርጂ ነው፡፡ ሶይ ሶስ አኩሪ አተርና፣ በአብዛኛው፣ ስንዴ አለበት፡፡ ‹‹ሐላል›› የሚል የታወቀ የማረጋገጫ ምልክት ያለበትን ጠርሙስ ከመረጣችሁ የአልኮሉ ጥያቄ ይቀልላችኋል፡፡

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል፡፡ ይሁን እንጂ በቻይንኛ ብቻ የተጻፈበት ጠርሙስ ከመደርደሪያ አንስቼ አውቃለሁ፡፡ የማይነበብ መረጃ እንዳልተሰጠ ይቆጠራል ብዬ መከራከር እችላለሁ፤ እስከዚያው ግን ያላነበባችሁትን እንግዳችሁን አታብሉ፡፡

ሕጉ በሻጭና በገዥ መካከል ነው፡፡ በጋባዥና በተጋባዥ መካከል አዋጅ የለም፡፡ እንግዳ ጠርሙስ አገላብጦ አያነብም፤ የሚያነበው የጋባዡን ፊት ነው፡፡ ስለዚህ የጋባዡ ግዴታ ከነጋዴው ይበልጣል እንጂ አያንስም፡፡

አሠራሩ

ለአንድ ኪሎ አጥንቱ ለወጣ የታፋ ሥጋ፣ ለአምስት ወይም ስድስት ሰው የሚሆን፡፡

ለመዘፍዘፊያ፡-
- ሶይ ሶስ 4 የሾርባ ማንኪያ
- ማር 2 የሾርባ ማንኪያ
- ቡናማ ስኳር 1 የሾርባ ማንኪያ
- የሎሚ ጭማቂ 1 የሾርባ ማንኪያ (በወይኑ ምትክ)
- የተፈጨ ኦቾሎኒ 1 የሻይ ማንኪያ (አለርጂ ያለበት እንግዳ ካለ ይቅር)
- የተፈጨ የተቆላ ሰሊጥ 1 የሻይ ማንኪያ
- ነጭ ሽንኩርት 3 ፍንካች፣ ዝንጅብል የአውራ ጣት ያህል፣ ሁለቱም የተወቀጡ
- አምስቱ ቅመም ግማሽ የሻይ ማንኪያ
- የቀይ ሥር ጭማቂ 2 የሾርባ ማንኪያ

ለቅቡ፡-
- ማር 4 የሾርባ ማንኪያ
- ሶይ ሶስ 2 የሾርባ ማንኪያ
- የሎሚ ጭማቂ 1 የሾርባ ማንኪያ

1. ዶሮውን እንደ ወጉ ካጠባችሁ በኋላ በንጹሕ ጨርቅ ወይም በወረቀት ፎጣ አድርቁት፡፡ እርጥብ ሥጋ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም፡፡ ያጠባችሁበትን ገንዳና አካባቢውን በሳሙና እጠቡ፡፡ የጥሬ ዶሮ ውኃ የተረጨበት ሰላጣ ሆድ ያማል፡፡

2. የመዘፍዘፊያውን ቀላቅላችሁ ሥጋውን እሹበት፡፡ ከድናችሁ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከ4 እስከ 12 ሰዓት አቆዩት፡፡ ከዚያ በላይ ጨውና ሎሚው ሥጋውን ያከርሩታል፡፡

3. ቅቡን በትንሽ ድስት በቀስታ እሳት አምስት ደቂቃ ያህል አፍሉት፤ የማንኪያ ጀርባ ላይ ሲይዝ ይበቃዋል፡፡ ሲበርድ ይበልጥ ይወፍራል፡፡ ጥሬ ሥጋ የተዘፈዘፈበትን ፈሳሽ ለቅብ አትጠቀሙበት፤ ድፉት፡፡

4. ኦቨኑን 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አሙቁ፡፡ ትሪው ላይ ፎይል አንጥፋችሁ ትንሽ ውኃ አድርጉበት፤ ማር ሲንጠባጠብ እንዳይቃጠልና እንዳይጨስ ነው፡፡ ከላዩ የሽቦ ፍርግርግ አስቀምጣችሁ ሥጋውን ደርድሩ፡፡

5. ያለ ቅብ 20 ደቂቃ ጥበሱት፡፡ ከዚያ እሳቱን ወደ 220 ከፍ አድርጋችሁ በየአምስት ደቂቃው ሦስት ጊዜ ቅቡ፣ አገላብጡ፡፡ ጠርዙ ጥቁር ነጠብጣብ ሲያወጣ ደርሷል፡፡

6. የሥጋ ቴርሞሜትር ካላችሁ በወፍራሙ ቦታ 74 ዲግሪ መድረስ አለበት፡፡ ከሌላችሁ ወፍራሙን ቁረጡት፤ ፈሳሹ ጥርት ያለ፣ ሥጋው ምንም ቀይ የሌለበት ይሁን፡፡ አምስት ደቂቃ አሳርፋችሁ ከቃጫው በተቃራኒ በስሱ ቁረጡ፡፡

ቅቡ ለምን መጨረሻ ላይ? የማር ዋነኛው ስኳር ከተራው ስኳር በጣም ባነሰ ሙቀት፣ ከ110 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ ይቀላል፡፡ ኦቨኑ 200 ነው፡፡ ከመጀመሪያው ወፍራም ማር የተቀባ ዶሮ ከውጭ ተቃጥሎ ከውስጥ ጥሬ ይወጣል፡፡ እኔ መጀመሪያ ያደረግኩት ይህንኑ ነው፤ ያ ለልምምድ የሠራሁት ዶሮ የውሻ ዕድል ሆነ፡፡

የደም ግፊት ላለበት አንባቢ አንድ ማስታወሻ፡፡ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶይ ሶስ ወደ 900 ሚሊግራም ሶዲየም አለው፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ2,000 በታች ነው የሚመክረው፡፡ ስለዚህ ሌላ ጨው አትጨምሩ፤ ሩዙም ያለ ጨው ይቀቀል፡፡

ደሴ ላይ 92፣ ኮምቦልቻ ላይ 94

ከመጽሐፍ ላይ የተወሰደ ሰዓት ደሴ ላይ የማይሠራበት ምክንያት አለ፡፡ ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ነው፤ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርደው የሚያገኟት ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ፡፡ ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ይቀንሳል፤ ውኃም በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል፡፡ በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ ኮምቦልቻ ላይ በ94፣ ደሴ ላይ በ92 ገደማ ይፈላል፡፡

ትርጉሙ ይህ ነው፡፡ በውኃ የሚበስል ሁሉ - ሩዝ፣ የሐበሻ ዶሮ ቅቅል - ደሴ ላይ ከኮምቦልቻ ጥቂት፣ መጽሐፉ ከሚለው ደግሞ በግልጽ ይበልጥ ይቆያል፡፡ ‹‹ፈልቷል›› ማለት ‹‹በስሏል›› ማለት አይደለም፡፡ ኦቨኑ ግን ደረቅ ሙቀት ስለሆነ 200 የትም 200 ነው፡፡ ብቻ በከፍታ ላይ እርጥበት ቶሎ ስለሚተን ሥጋው ይደርቃል፤ ትሪው ላይ ውኃ አድርጉ ያልኩት ለዚህም ጭምር ነው፡፡

መብራት ሲጠፋ ከሰል አለ፤ እንዲያውም የምግቡ ጥንተ ነገር እሳት ስለሆነ የከሰሉ ይጣፍጣል፡፡ ከሰሉ አመድ እስኪለብስ ጠብቁ፤ ወደ አንድ ጎን ሰብስቡት፡፡ ሥጋውን ከሰል በሌለበት ጎን ከላይ ከድናችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል አብስሉት፤ ቅቡን መጨረሻ ላይ፡፡ አንድ ነገር ግን በብርቱ አደራ እላለሁ፡፡ ደሴ ብርድ ነው ብላችሁ ከሰሉን ወደ ቤት አታስገቡ፡፡ የከሰል ጭስ ያለቀ ሲመስል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በር ዘግቶ የተኛን ቤተሰብ ይገድላል፡፡ በረንዳ ላይ ጥበሱ፣ በረንዳ ላይ አጥፉ፡፡

ሁለት ቢላዋ፣ አንድ ብሩሽ

አሁን ወደ ሐፍረቴ ልመለስ፡፡

በወሎ ልማድ ክርስቲያን ሲደግስ ለሙስሊም እንግዳው በሙስሊም እጅ የታረደ፣ በተለየ ድስት የተሠራ ያዘጋጃል፡፡ ሙስሊሙም ሲደግስ ለክርስቲያን እንግዳው እንደዚያው፡፡ ይህን ደሴ ያደገ ልጅ ሳይነገረው ያውቃል፡፡ እኔም አልረሳሁትም፡፡ ሁለት ዶሮ ገዛሁ፡፡ አንደኛውን ጎረቤቴ ሙስሊም ሽማግሌ ባረኩልኝ፡፡ ሁለት ቢላዋ፣ ሁለት ጎድጓዳ ሳህን፣ ሁለት ትሪ አዘጋጀሁ፡፡ ጠርሙስ አገላብጬ አነበብኩ፡፡ በራሴ ኮራሁ፡፡

ቅቡን ግን በአንድ ብሩሽ ቀባሁት፡፡ ብሩሹን ከአንዱ ትሪ አንስቼ ወደ ሌላው፣ ከሌላውም መልሼ ወደ ቅቡ ድስት ነከርኩት፡፡ የአብሮ አደጌ ባለቤት ‹‹ላግዝ›› ብላ ወደ ማድ ቤት ስትገባ ቆማ አየችኝ፡፡ ምንም አልተናገረችም፡፡ ወጥታ ከባሏ ጎን ተቀመጠች፡፡ ቀሪውን ታውቁታላችሁ፡፡

ይህን የነገረችኝ ባለቤቴ ናት፤ ያውም ከሳምንት በኋላ፡፡ ባልና ሚስቱ እኔን ላለማሳፈር ብለው ተርበው ሄዱ፡፡ ክስ የለም፣ ወቀሳ የለም፡፡ ሰው ቢቆጣኝ መልስ አላጣም፤ ሥራዬ ነው፡፡ ለዝምታ ግን መልስ አልነበረኝም፡፡ እንዲህ ዓይነት ዝምታ ሲደጋገም ደግሞ ሰው ሳይጣላ ይራራቃል፡፡ ‹‹ጠግበናል፣ አብሽር›› እየተባባሉ መጠራራት ይቀራል፡፡

ከሁለት ቀን በኋላ አብሮ አደጌ ቤት ሄጄ፣ ‹‹አጥፍቻለሁ›› አልኩት፡፡

‹‹ምኑን?›› አለኝ፡፡

‹‹ብሩሹን፡፡››

ሳቀ፡፡ ‹‹አንተ እኮ ሁሉን ነገር ሁለት አድርገህ መርሳትህ ብሩሽ ብቻ ነው፤ አብሽር አልኩህ!›› አለኝ፡፡ ባለቤቱ ግን ቡናውን እየቀዳች፣ ‹‹ወንድም ጋሼ፣ ድጋሚ ይሠራልና›› አለች፡፡ ይህ ፍርድ ነበር፤ ይግባኝ የለውም፡፡

ስለዚህ ለድብልቅ ማዕድ ደንቡ ይህ ነው፡፡ የመዘፍዘፊያውም ሆነ የቅቡ ድብልቅ ሥጋ የሌለበት ስለሆነ ለሁሉም በአንድነት ይሠራ፡፡ ጥሬ ሥጋ ሳይነካው በፊት ግን በሁለት ሳህን ይከፈል፡፡ ከዚያ በኋላ ሁለቱ አይገናኙም፡፡ ቢላዋ ሁለት፣ መክተፊያ ሁለት፣ መቆንጠጫ ሁለት፣ ማቅረቢያ ሁለት፣ ብሩሽም ሁለት፡፡ ኦቨኑ አንድ ከሆነ አንዱ ወጥቶ ኦቨኑ ከጸዳ በኋላ ሌላው ይግባ፡፡ ቀኑም ይታሰብ፤ ረቡዕና ዓርብ፣ የአጽዋማት ወቅትና የረመዳን ቀን አይሆኑም፡፡ የትኛው ሰሃን የማን እንደሆነ ደግሞ ጋባዡ ሳይጠየቅ ጮክ ብሎ ይናገር፡፡ እንግዳ መጠየቅ ያፍራል፡፡

አይጠየፍ

በደሴ ከተማ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ ዛሬም አለ፡፡ ስሙ አይጠየፍ ነው፡፡ ንጉሡ ራሳቸው መሐመድ ዓሊ ተብለው ተወልደው፣ በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳው ጉባዔ በኋላ ክርስትና የተነሱ፣ በ1906 ዓ.ም. የነገሡ ሰው ናቸው፡፡ በአዳራሹ ድሃና ሀብታም፣ ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ጣራ ሥር ይስተናገድ እንደነበር ይነገራል፡፡

በልጅነቴ ‹‹አይጠየፍ›› ማለት ሁሉም ሁሉን ይበላል ማለት ይመስለኝ ነበር፡፡ ዛሬ እንደዚያ አይመስለኝም፡፡ ሁለቱም ሃይማኖቱን ጠብቆ፣ የየራሱን ዕርድ በልቶ፣ በአንድ ጣራ ሥር መቀመጥ መቻሉ ነው ስሙን የሰጠው፡፡ ሰው የሚጠየፈው የተለየ ሰሃን ስለቀረበለት አይደለም፡፡ ምን እንደቀረበለት ሳያውቅ ሲቀር ነው፡፡

ዶሮው ድጋሚ ተሠራ፡፡ ሁለት ብሩሽ ገዛሁ፤ አንደኛው እጀታ ላይ እንዳይምታታ ቀይ ክር አሰርኩበት፡፡ ቻይናዊው እንግዳ ክሩን አይቶ ለምን እንደሆነ ጠየቀ፡፡ አብሮ አደጌ አስረዳው፡፡ ሰውዬው ራሱን እየነቀነቀ በአገሩም የሁዊ ሰዎች ድስታቸው የተለየ እንደሆነ፣ አብረው ሲሠሩም ያንን እንደሚያከብሩላቸው ነገረን፡፡

የአብሮ አደጌ ባለቤት ያን ዕለት ወደ ማድ ቤት አልገባችም፡፡ ትሪው ሲመጣ ቀይ ክሩን አየች፤ ከዚያ ትልቁን ቁራጭ መርጣ አነሳች፡፡